የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ በአማርኛ ተናጋሪዎች ጽሕፈት፦ ከ‹‹-ሊ›› ቅጥያ ባሻገር

1. መግቢያ

በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተገልጾ ይታለፋል። አንደኛው፣ ተውሳከ ግሥ ግሥን የሚያብራራ ቃል ነው ይላል። ሁለተኛው፣ በቅጽል ላይ ‹‹-ሊ›› የሚለውን ቅጥያ በመጨመር ይመሠረታል ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነትነት አላቸው። ሆኖም ተማሪው በእነዚህ ሁለት መመሪያዎች ብቻ ተመርቶ ሲጽፍ፣ በማያስፈልግበት ቦታ ተውሳከ ግሥን ያበዛል፤ በሚያስፈልግበት ቦታ ይዘነጋዋል፤ አንዳንዴም ከማይገባው ስፍራ ያስገባዋል።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ሌላ ምክርም አለ። የእንግሊዝኛ ድርሰት አጻጻፍ መምህራን ተውሳከ ግሥ እንደ አረም እንዲነቀል ያሳስባሉ። ኢ. ቢ. ኋይት የዊልያም ስትራንክን መመሪያ አሻሽለው እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ‹‹ዘ ኤለመንትስ ኦቭ ስታይል›› ጸሐፊው በስምና በግሥ ላይ እንዲተማመን ይመክራሉ። ስቲቨን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ‹‹ኦን ራይቲንግ›› በተውሳከ ግሥ ላይ ግልጽ ዘመቻ ያካሂዳሉ። ኤልሞር ሌናርድም እ.ኤ.አ. በ2001 በኒው ዮርክ ታይምስ ባወጡት የደንብ ዝርዝር፣ ‹‹አለ›› የሚለውን ግሥ በተውሳከ ግሥ ማጀብን ይከለክላሉ። የእነዚህ ጸሐፊዎች ዋነኛ ዒላማ ግን ሁኔታን የሚገልጸው ባለ ‹‹-ሊ›› ቃል ነው። ምክሩ ሳይለይ ለሁሉም ሲሠራበት ተማሪው ‹‹ኦንሊ›› (ብቻ)፣ ‹‹ኒርሊ›› (ለጥቂት) እና ‹‹ፕሮባብሊ›› (ሳይሆን አይቀርም) የሚሉትን ቃላትም በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል፤ እነዚህን ግን ከዐረፍተ ነገር ማውጣት እውነቱን መለወጥ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው። የእንግሊዝኛን ተውሳከ ግሥ በሚገባ መጠቀም በዋነኛነት የቃል ምሥረታ ጉዳይ አይደለም፤ ቃሉ ከዐረፍተ ነገሩ የትኛውን ክፍል በሥልጣኑ ሥር እንደሚያደርግ የመወሰን ጉዳይ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ይህን ውሳኔ በራሱ ቋንቋ ዘወትር ይወስናል፤ መሣሪያው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ማስተማር የሚገባው ከዚያ መሣሪያ ተነሥቶ ነው።

ጉዳዩ ከሰዋስው ነጥብ ያለፈ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ተማሪው ታሪክንም ፊዚክስንም የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ቦታውን የሳተ አንድ ቃል ያላሰበውን ሐሳብ ያስተላልፍበታል።

በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛና የሌሎች ቋንቋዎች ምሳሌዎች በድምፃቸው በፊደል ተጽፈዋል። የኮከብ ምልክት ያለበት ምሳሌ በቋንቋው ተቀባይነት የሌለው ነው።

2. ‹‹-ሊ›› ከየት መጣ?

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ የሚመሠረተው በቅጽሉ መጨረሻ ላይ አንዲት አናባቢ በመጨመር ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን ‹‹ሊች›› የሚባል ቅጥያ ነበረ፤ ምንጩ ‹‹አካል፣ ቅርጽ›› የሚል ትርጉም ያለው ስም ሲሆን፣ ከስም ቅጽልን ይመሠርት ነበር። ይህም ቅጽል አናባቢዋን ሲጨምር ተውሳከ ግሥ ይሆናል። በመካከለኛው ዘመን የመጨረሻዋ አናባቢ ከአነጋገር ስትጠፋ ሁለት ነገሮች ተከተሉ። በአንድ በኩል ‹‹ሃርድ›› እና ‹‹ፋስት›› የመሳሰሉት ቃላት ቅጽልም ተውሳከ ግሥም ሆነው በአንድ መልክ ቀሩ። በሌላ በኩል ‹‹-ሊ›› የሁለቱም ምልክት ሆነ፤ ‹‹ፍሬንድሊ›› ቅጽል ነው፣ ‹‹ስሎውሊ›› ተውሳከ ግሥ ነው፣ ‹‹ዴይሊ›› ደግሞ ሁለቱንም ነው።

ይህን ታሪክ በአጭሩ የሰማ ተማሪ ‹‹-ሊ›› አስተማማኝ ምልክት አለመሆኑን ይረዳል። በይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሁለቱ መልኮች ጎን ለጎን ኖረው ትርጉም የተከፋፈሉባቸውን ጥንዶች ማወቅ ነው። ‹‹ሂ ወርክስ ሃርድ›› ማለት ‹‹ጠንክሮ ይሠራል›› ሲሆን፣ ‹‹ሂ ሃርድሊ ወርክስ›› ማለት ‹‹ሥራ የሚባል ነገር አይነካም ማለት ይቻላል›› ነው። ‹‹ሌይት›› ዘግይቶ፣ ‹‹ሌይትሊ›› በቅርቡ ነው። ‹‹ኒር›› ቅርብ፣ ‹‹ኒርሊ›› ለጥቂት ነው። ለተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህር ከ‹‹ሃርድ›› ይልቅ ‹‹ሃርድሊ››ን ቢመርጥ ሊያመሰግን አስቦ ይነቅፋል። ስሕተቱም ከስንፍና የሚመጣ አይደለም፤ የተሰጠውን ደንብ በታማኝነት ከመከተል የሚመጣ ነው።

3. አማርኛ ሁኔታን በምን ይገልጻል?

ባየ ይማም በ‹‹የአማርኛ ሰዋስው›› ተውሳከ ግሥን ከአምስቱ የቃል ክፍሎች አንዱ አድርገው ይመድባሉ፤ አባላቱ ግን እንደ ‹‹ቶሎ››፣ ‹‹ገና››፣ ‹‹ክፉኛ›› ያሉ ጥቂት ቃላት ናቸው። አማርኛ ሁኔታን የሚገልጸው በአብዛኛው በሌሎች መንገዶች ነው። አንደኛው መስተዋድድና ስም ነው፤ ‹‹በፍጥነት››፣ ‹‹በጥንቃቄ››፣ ‹‹በግልጽ›› እንደሚባለው። ሁለተኛው ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ‹‹አጥብቆ ያዘ››፣ ‹‹ደጋግማ ጠየቀች››፣ ‹‹ዘግይተው መጡ›› እንደሚባለው። ሦስተኛው ‹‹አለ›› ወይም ‹‹አደረገ›› ከሚሉት ግሦች ጋር የሚጣመሩት ቃላት ናቸው፤ ‹‹ቀስ ብሎ››፣ ‹‹ዝም ብላ››፣ ‹‹ጥርቅም አድርጎ›› ከዚህ ይመደባሉ።

በዚህ ረገድ አማርኛ በአካባቢው ብቸኛ አይደለም። ትግርኛ ‹‹ቀስ ኢሉ›› ሲል፣ ኦሮምኛም ዝምታን ‹‹ጨል ጄዼ›› ብሎ ‹‹አለ›› በሚለው ግሥ ይገልጻል። ሶማልኛ ‹‹መንገድ፣ ሁኔታ›› የሚል ትርጉም ባለው ‹‹ሲ›› በሚለው ቃል ላይ ገላጭ በመጨመር ‹‹ሲ ፊዐን›› (በጥሩ ሁኔታ) ይላል። ስዋሂሊ ‹‹ክዋ ሃራካ›› ሲል የአማርኛውን ‹‹በፍጥነት›› አሠራር ይከተላል፤ ‹‹ፖሌፖሌ›› ሲል ደግሞ ቃሉን ይደጋግማል። የእነዚህን ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት የምናዘጋጅ ሰዎች ሁሉንም በእንግሊዝኛው ‹‹አድቨርብ›› ሥር ስናሰፍር፣ በአንዱ ቋንቋ ስም፣ በሌላው ግሥ፣ በሦስተኛው ድምፅ ቀራጭ ቃል የሆነውን ነገር አንድ እናደርገዋለን። የክፍል ውስጥ ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ቦዝ አንቀጽ ለእንግሊዝኛ ጽሕፈት ልዩ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ግሥ ስለሆነ ባለቤቱን ይከተላል። ‹‹ቀስ ብዬ››፣ ‹‹ቀስ ብላ››፣ ‹‹ቀስ ብለው›› እያልን ሁኔታውን ለአድራጊው እንሰጣለን። የእንግሊዝኛው ‹‹ስሎውሊ›› ግን አይለዋወጥም፤ የሚገልጸውም ድርጊቱን ነው። ልዩነቱ የሚታየው ‹‹ተናዳ ወጣች›› የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስንተረጉም ነው። ‹‹ሺ ሌፍት አንግሪሊ›› የሚለው አወጣጧ ቁጣን ያሳይ ነበር ማለት ነው፤ በሩን ሳትወረውረው አልቀረችም። ‹‹ሺ ሌፍት አንግሪ›› የሚለው ስትወጣ ቁጣ በውስጧ ነበረ ማለት ነው፤ አወጣጧ ግን ጸጥ ያለ ሊሆን ይችላል። የአማርኛው ‹‹ተናዳ›› ሁለቱንም ይሸከማል፤ መናደዷ ከመውጣቷ መቅደሙን ይናገራል እንጂ በአወጣጧ መታየቱን ግድ አይልም። ‹‹ተናዳ›› ባየበት ሁሉ ‹‹አንግሪሊ›› የሚጽፍ ተርጓሚ በምንጩ ጽሑፍ ውስጥ የሌለ ምስክርነት ይጨምራል።

ለቋንቋ አጥኚው ደግሞ ሌላ የሚያጓጓ ነገር አለ። አንዳንድ ቦዝ አንቀጾች ከግሥነት ወደ ተውሳከ ግሥነት በመጓዝ ላይ ናቸው። ‹‹እኔ ደግሞ እሄዳለሁ›› በሚለው ውስጥ ‹‹ደግሞ›› ጉዞውን ጨርሷል፤ ባለቤቱ ‹‹እኔ›› ቢሆንም ‹‹ደግሜ›› አይሆንም። ‹‹ደግሜ እሄዳለሁ›› ካልን ሌላ ትርጉም፣ ማለትም ዳግመኛ የመሄድ ትርጉም፣ ይመጣል። ‹‹ፈጽሞ አላውቀውም›› እና ‹‹ፈጽሜ አላውቀውም›› ግን ጎን ለጎን ይሰማሉ፤ ይህ ቃል ገና በመንገድ ላይ ነው። ተማሪው ይህን ሲያይ ተውሳከ ግሥ ከጥንት የተሰጠ ሣጥን ሳይሆን ቃላት ቀስ በቀስ የሚደርሱበት ስፍራ መሆኑን ይገነዘባል።

4. ሁኔታው በግሡ ውስጥ ሲያድር

ሌናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረቡት ሰፊ ጥናት እንዳሳዩት፣ ቋንቋዎች የእንቅስቃሴን መንገድና ሁኔታ በተለያየ ቦታ ያስቀምጣሉ። እንግሊዝኛ ሁኔታውን በግሡ ውስጥ ያሳድርና መንገዱን ከግሡ በኋላ በሚመጣ ቃል ይገልጻል። አማርኛ ‹‹ገባ››፣ ‹‹ወጣ››፣ ‹‹ወረደ›› በሚሉ ግሦች መንገዱን ይይዝና ሁኔታውን ለሌላ ግሥ ይተዋል፤ ‹‹እየተንገዳገደ ገባ››፣ ‹‹እያነከሰች ወጣች›› እንላለን።

ተማሪው ይህን መዋቅር ቃል በቃል ሲያሻግር ‹‹ሂ ኢንተርድ ስታገሪንግሊ›› ዓይነት ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ ሐሳቡን በአንድ ግሥ፣ ‹‹ሂ ስታገርድ ኢን›› ብሎ ይጨርሰዋል። የድርሰት መምህራን ‹‹ተውሳከ ግሥን አስወግድ›› ሲሉ በተግባር የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ምክሩ የሚያገለግለው ተማሪው ‹‹ስታገር››ን፣ ‹‹ሊምፕ››ን እና ‹‹ዊስፐር››ን የመሰሉ ግሦች ካሉት ብቻ ነው። የሌለውን ተማሪ ተውሳከ ግሥ እንዳይጠቀም መከልከል በትሩን ቀምቶ ሩጥ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ይህ የሥራ ክፍል በእውነቱ የግሥ ትምህርት ነው፤ በተውሳከ ግሥ ምዕራፍ ውስጥ ሳይሆን በቃላት ትምህርት ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

5. በግሥና በተሳቢ መካከል

በአማርኛ ግሥ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ሁኔታ ገላጩም ብዙውን ጊዜ በተሳቢውና በግሡ መካከል ይገባል። ‹‹እንግሊዝኛ ጥሩ አድርጋ ትናገራለች›› እንላለን። ይህ አሰላለፍ ተገልብጦ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ *‹‹ሺ ስፒክስ ዌል ኢንግሊሽ›› ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን ግሥንና አጭር ተሳቢውን መለያየት አይወድም፤ ‹‹ሺ ስፒክስ ኢንግሊሽ ዌል›› ይላል። ተሳቢው ረጅም ሲሆን ደንቡ ይላላል፤ ብዙ ቃላት የያዘ ተሳቢ ወደ መጨረሻ ተገፍቶ ተውሳከ ግሡ ከግሡ አጠገብ ሊቆም ይችላል። ተማሪው በመጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር ሲያገኝ ደንቡ የፈረሰ እንዳይመስለው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ይህ ችግር በሌሎች ተማሪዎች ላይ በጥንቃቄ ተጠንቷል። ፈረንሳይኛ ተውሳከ ግሥን በግሥና በተሳቢ መካከል ስለሚፈቅድ፣ ሊዲያ ኋይት በኬቤክ የሚገኙ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ልጆች ይህን አቀማመጥ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚተዉ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ውጤት መሠረት፣ ስሕተቱ በግልጽ የተነገራቸውና የታረሙት ልጆች ወዲያው ጉልህ መሻሻል አሳዩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲፈተኑ ግን መሻሻሉ ጠፍቶ ተገኘ። ማርታ ትሬሂና ሊዲያ ኋይት እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ ልጆች ያለ ምንም የሰዋስው ማብራሪያ ለሁለት ሳምንት በተውሳከ ግሥ የተሞላ እንግሊዝኛ እንዲሰሙና እንዲያነቡ ተደረገ። ልጆቹ ትክክለኛውን አቀማመጥ ለመዱ፤ የተሳሳተውን ግን አልተዉም፤ ሁለቱንም ይቀበሉ ነበር።

ከእነዚህ ሁለት ጥናቶች የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። መስማት ብቻውን የቀድሞውን ልማድ አያስለቅቅም፤ የአንድ ሰሞን እርማትም ሥር አይሰድድም። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ሁለቱንም፣ እነርሱንም በየጊዜው እየተመላለሱ፣ ይሻል። የሁለቱን ቋንቋዎች አሰላለፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ‹‹በአማርኛ ይህ ቃል በተሳቢና በግሥ መካከል ይቆማል፤ በእንግሊዝኛ ከሁለቱ ውጪ ይቆማል›› ብሎ ማሳየት ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ፣ በየመንፈቀ ዓመቱ ሊደገም የሚችል ሥራ ነው።

6. አንድ ቃል፣ ሁለት ቦታ፣ ሁለት ትርጉም

የቦታ ጉዳይ ከሥርዓት ወደ ትርጉም የሚሻገርበት ስፍራ አለ። ‹‹ሺ ስፖክ ዋይዝሊ›› ማለት ‹‹በጥበብ ተናገረች›› ነው፤ የንግግሯን አኳኋን ይገልጻል። ‹‹ሺ ዋይዝሊ ስፖክ›› ማለት ግን ‹‹መናገሯ ብልኅነት ነበር›› ነው፤ የተናገረችው ቃል እንደ ነገሩ ሊሆን ይችላል፤ ጥበቡ ዝም አለማለቷ ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን በማንቀሳቀስ ብቻ የሚለየውን አማርኛ በሁለት የተለያዩ አወቃቀሮች ይለየዋል።

አሉታ ሲገባ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ‹‹ሂ ዴሊበረትሊ ዲድ ኖት አንሰር›› ማለት ‹‹ሆን ብሎ ሳይመልስ ቀረ›› ነው፤ ዝምታው ታስቦበታል። ‹‹ሂ ዲድ ኖት ዴሊበረትሊ አንሰር›› ማለት ‹‹የመለሰው ሆን ብሎ አይደለም›› ነው፤ መልሱ አምልጦት ነው። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሰውየው አልመለሰም፤ በሁለተኛው መልሷል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ፍርድ ቤት፣ አልያም በጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያስተረጉም ሰው ይህን ቃል አንድ እርምጃ ቢያንቀሳቅስ የሰውን ቃል ይገለብጣል። ‹‹አይ ሪሊ ዶንት ኖው›› (በፍጹም አላውቅም) እና ‹‹አይ ዶንት ሪሊ ኖው›› (በደንብ አላውቅም) መካከል ያለው ርቀትም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ክህደት ነው፣ ሌላው ጥርጣሬ ነው።

እነዚህን ጥንዶች በተመለከተ ለተማሪው የሚሰጠው መመሪያ ቀላል ነው፦ ተውሳከ ግሡ ከአሉታው በፊት ከቆመ አሉታውን ይገዛል፤ ከአሉታው በኋላ ከቆመ በአሉታው ይገዛል። ለሁሉም ቃል የሚሠራ ሕግ ባይሆንም፣ በአብዛኛው ጊዜ መንገዱን ያሳያል።

7. ‹‹ብቻ›› እና ‹‹ኦንሊ››

አማርኛ ተናጋሪው ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው ይልቅ ስለ ቃል ሥልጣን የጠራ ስሜት ያለው በዚህ ረገድ ነው። ‹‹ብቻ›› የሚከተለው የሚወስነውን ቃል ነው፤ ‹‹-ም›› እና ‹‹እንኳን››ም ብዙውን ጊዜ ከሚመለከቱት ቃል ጋር ይቆማሉ። ‹‹አልማዝ ብቻ መጽሐፉን ገዛች›› እና ‹‹አልማዝ መጽሐፉን ብቻ ገዛች›› የሚሉትን የሚያምታታ የለም።

የእንግሊዝኛው ‹‹ኦንሊ›› ግን ከሚወስነው ቃል ርቆ፣ በግሡ ፊት መቆምን ይወዳል። በንግግር ጊዜ የድምፅ ጫና የታሰበውን ቃል ይጠቁማል፤ በጽሑፍ ላይ ግን ጫና የለም። ‹‹ስቱደንትስ ሜይ ኦንሊ ዩዝ ዘ ሩም ኦን ሰንደይ›› የሚል ማስታወቂያ ቢያንስ ሦስት ትርጉም አለው፦ ተማሪዎች ክፍሉን የሚጠቀሙት በእሑድ ብቻ ነው፤ ወይም በእሑድ የሚጠቀሙት ክፍሉን ብቻ ነው፣ በውስጡ ያለውን ዕቃ ግን አይነኩም፤ ወይም መጠቀም ብቻ እንጂ ማከራየት አይችሉም። የማይኖረው ትርጉም ‹‹ተማሪዎች ብቻ›› የሚለው ነው፤ ለዚያ ‹‹ኦንሊ›› ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ መምጣት አለበት። ይህን ማስታወቂያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ‹‹ብቻ››ን የት እንደሚያስቀምጥ ሳይወስን አንድ እርምጃ መሄድ አይችልም።

የነገሩ ክብደት በሕግ ጽሑፍ ላይ ይታያል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 የተቋቋመው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲፈጠር የአማርኛው ቅጂ የበላይነት አለው። እንዲህ ባለ ሥርዓት የአማርኛው ‹‹ብቻ›› ያለ ጥርጥር የቆመበትን ስፍራ የእንግሊዝኛው ‹‹ኦንሊ›› ካደበዘዘው፣ እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው መብቱን ወይም ግዴታውን በተሳሳተ ስፋት ይረዳል። ስለዚህ በሕግም ሆነ በማንኛውም ጥብቅ ጽሑፍ ‹‹ኦንሊ››ን ከሚወስነው ቃል አጠገብ ማስቀመጥ ይመረጣል። አማርኛ ተናጋሪው ይህን ለማድረግ አዲስ ስሜት አያስፈልገውም፤ ‹‹ብቻ››ን በሚያስብበት ቃል ላይ ያስብ፣ ከዚያም ‹‹ኦንሊ››ን ከቃሉ በኋላ ሳይሆን ከቃሉ በፊት ያስቀምጥ።

8. ‹‹ገና›› እና ሦስቱ አቻዎቹ

የጊዜ ተውሳከ ግሦች ሌላ ዓይነት ወጥመድ ናቸው። ‹‹ገና ልጅ ነው›› የሚለው በእንግሊዝኛ ‹‹ስቲል››ን ይጠይቃል፤ ‹‹ገና አልመጣም›› የሚለው ‹‹የት››ን ይጠይቃል፤ ‹‹ገና አሁን መጣ›› የሚለው ‹‹ጀስት››ን ይጠይቃል። አማርኛ በአንድ ቃል የያዘውን እንግሊዝኛ በአዎንታና በአሉታ፣ በቆይታና በቅርበት ይከፋፍለዋል። በተቃራኒው የእንግሊዝኛው ‹‹ኦልረዲ›› በአማርኛ ብዙ ጊዜ ምንም ቃል የለውም፤ ‹‹ምሳ ብላ›› ለተባለ ሰው ‹‹በልቻለሁ›› የሚለው መልስ በግሡ ቅርጽ ብቻ ሐሳቡን ያደርሳል። ስለዚህ ተማሪው ‹‹ስቲል››ንና ‹‹የት››ን ያምታታል፤ ‹‹ኦልረዲ››ን ግን ፈጽሞ ይረሳዋል፤ በራሱ ቋንቋ የጎደለ ነገር ስለሌለ በእንግሊዝኛውም ጉድለቱ አይሰማውም። የስሕተት ምልክት የማይታይበት እንዲህ ያለ ጉድለት ከአራሚው ዓይንም ያመልጣል።

9. የጸሐፊው ቃል ኪዳን

ራንዶልፍ ኩዌርክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ታላቅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ በዐረፍተ ነገሩ ይዘት ውስጥ የሚሠሩትን ገላጮች ጸሐፊው ስለ ይዘቱ ያለውን አቋም ከሚገልጹት ይለያሉ። ‹‹ፕሮባብሊ››፣ ‹‹አፓረንትሊ››፣ ‹‹ኦብቪየስሊ›› ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ለምርምር ጽሑፍ ከሁሉ የሚበልጡት እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ለተናገረው ነገር ምን ያህል ኃላፊነት እንደሚወስድ የሚያሳውቁት እነርሱ ናቸው።

አማርኛ ይህን ሥራ የሚሰጠው በአብዛኛው በመጨረሻ ለሚመጣው ግሥ ነው፦ ‹‹ሳይታመም አልቀረም››፣ ‹‹ታምሞ ይሆናል››፣ ‹‹የታመመ ይመስላል››፣ ‹‹ታምሟል አሉ››። አራቱ አራት የእርግጠኝነት ደረጃዎችና ምንጮች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ‹‹ፕሮባብሊ››፣ ‹‹ፐርሃፕስ››፣ ‹‹አፓረንትሊ›› እና ‹‹ሪፖርተድሊ›› በቅደም ተከተል ይቀርቧቸዋል። ተማሪው እነዚህን ሲተረጉም በመጨረሻ የሚመጣውን ግሥ ይጥለውና ‹‹ታሟል›› የሚለውን ብቻ ያስቀራል፤ ግምቱም ማረጋገጫ ይሆናል። ወይም የ‹‹ሳይታመም አልቀረም››ን ሁለት አሉታዎች ቃል በቃል አሻግሮ ጥርጥር የሌለው ነገር ያስመስለዋል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ነገርም አለ። የአማርኛ መደበኛ ጽሑፍ ‹‹እንደሚታወቀው›› ብሎ መጀመርን ይወዳል። ይህ አነጋገር የትሕትና መልክ አለው፤ ጸሐፊው አንባቢውን ከሚያውቁት ወገን ይቆጥረዋል፣ የማያውቅ አድርጎ አይሰብከውም። ተማሪው ይህን በ‹‹ኦብቪየስሊ›› ወይም በ‹‹ክሊርሊ›› ሲተካው አክብሮቱ ይጠፋል፤ የሚቀረው ‹‹ማስረጃ አያስፈልገኝም›› የሚል መልእክት ነው። የጥናታዊ ጽሑፍ ገምጋሚም ቃሉን እንደ ትዕቢት ወይም እንደ ማስረጃ ጉድለት ያነበዋል። ተማሪው ሁለቱንም አላሰበም። ስለዚህ ‹‹ክሊርሊ››ን ሲያይ ‹‹ክሊርሊን አጥፋ›› የሚል መምህር ግማሽ ሥራ ሠርቷል፤ ሌላው ግማሽ ተማሪው ሊያሳይ የፈለገውን ትሕትና በእንግሊዝኛ በምን መንገድ እንደሚያሳይ ማስተማር ነው። ምንጭን መጥቀስ ወይም የታወቀውን ነገር በአጭር ሐረግ ማስታወስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

10. ለክፍል ውስጥ ሥራ

ከላይ የተባለውን ወደ ተግባር ለመመለስ አራት ልምምዶችን እጠቁማለሁ።

አንደኛ፣ የመሰረዝ ፈተና። ተማሪው ተውሳከ ግሡን ሰርዞ ምን እንደተለወጠ ይጠይቅ። ‹‹ሺ ዊስፐርድ ኳይትሊ›› (በጸጥታ አንሾካሾከች) ከሚለው ‹‹ኳይትሊ›› ቢወጣ የሚጎድል የለም፤ ይሰረዝ። ‹‹ሺ ስማይልድ ሳድሊ›› (በሐዘን ፈገግ አለች) ከሚለው ‹‹ሳድሊ›› ቢወጣ ሥዕሉ ይለወጣል፤ ይቆይ። ‹‹ዘ ብሪጅ ኒርሊ ኮላፕስድ›› (ድልድዩ ለጥቂት ሳይፈርስ ቀረ) ከሚለው ‹‹ኒርሊ›› ቢወጣ ድልድዩ ፈረሰ፤ መነካት የለበትም። ይህ ፈተና ‹‹አብዛ›› እና ‹‹አስወግድ›› የሚሉትን ሁለት ጭፍን ምክሮች ይተካል።

ሁለተኛ፣ የግሥ ልውውጥ። ‹‹እየተንገዳገደ ገባ›› ዓይነት ሐረጎች ይሰጡና ተማሪዎች ሁኔታውን በውስጡ የያዘ የእንግሊዝኛ ግሥ ይፈልጉ። ግሥ ካልተገኘ ተውሳከ ግሡ ሕጋዊ መሆኑ ይነገራቸው።

ሦስተኛ፣ የ‹‹ብቻ›› ፈተና። ‹‹ኦንሊ›› ያለባቸው ማስታወቂያዎችና ደንቦች ወደ አማርኛ ይመለሱ። ተማሪዎች ‹‹ብቻ››ን በተለያየ ቦታ ካስቀመጡ እንግሊዝኛው አሻሚ ነው፤ እንደገና ይጻፍ።

አራተኛ፣ የእርግጠኝነት መሰላል። ከአንድ የምርምር ውጤት የተወሰደ መግለጫ በ‹‹አሉ››፣ በ‹‹ይመስላል››፣ በ‹‹ይሆናል›› እና በ‹‹ሳይሆን አይቀርም›› ይጻፍ፤ ከዚያም ማስረጃው የትኛውን እንደሚፈቅድ ክፍሉ ይወያይበት። እንግሊዝኛው የሚመጣው ከውይይቱ በኋላ ነው።

11. መደምደሚያ

የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ አንድ ወጥ የቃል ክፍል መስሎ ይቀርባል፤ በውስጡ ግን ቢያንስ ሦስት ሥራዎች አሉ፦ ሁኔታን መግለጽ፣ ወሰንን ማበጀትና የጸሐፊን አቋም ማሳወቅ። የድርሰት መምህራን ቁጥብነት የሚገባው ለመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ትክክለኛ ቦታን፣ ሦስተኛው ደግሞ ሐቀኝነትን ይሻል። አማርኛ ለሦስቱም የየራሱ መሣሪያ አለው፤ ለመጀመሪያው ቦዝ አንቀጽ፣ ለሁለተኛው ‹‹ብቻ››ና መሰሎቹ፣ ለሦስተኛው በዐረፍተ ነገር መጨረሻ የሚቆም ግሥ።

ይህ ትንተና በአማርኛ ላይ የተመሠረተ ነው። የትግርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የሶማልኛና የስዋሂሊ አጥኚዎች በየቋንቋቸው ተመሳሳይ ንጽጽር ቢያደርጉ፣ ለየቋንቋው ተናጋሪ የትኛው ወጥመድ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ መምሪያ ማዘጋጀት ይቻላል። ለዚያ ሥራ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የ‹‹-ሊ›› ቃላት ዝርዝር አይደለም፤ እያንዳንዱ ቋንቋ ‹‹እንዴት?››፣ ‹‹ምን ያህል?›› እና ‹‹በእርግጥ?›› ለሚሉት ጥያቄዎች በምን እንደሚመልስ ማወቅ ነው።